«ባለፈው ወር ስንት ሸጥን?» የንግድ መረጃን ለኤአይ ኤጀንት የሚያስረዳ ገለጻ አጻጻፍ

ባሕር ዳር ላይ አንድ የሩዝና የሸቀጣ ሸቀጥ አከፋፋይ አለ እንበል። ዋናው መጋዘኑ ከተማው ውስጥ ነው፤ ወረታና ጎርጎራ ላይ ቅርንጫፎች አሉት፤ ሩዙ ከፎገራ በወረታ በኩል ይገባለታል፤ ደንበኞቹ የሐይቁ ዳር ሆቴሎችና የዘጌ፣ የጎርጎራ ቸርቻሪዎች ናቸው። ሽያጩ ሁሉ በዳታቤዝ ይመዘገባል። ጥቅምት 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ባለቤቱ ስልኩን አውጥቶ ለኤአይ ኤጀንቱ (ጥያቄን ተረድቶ ከዳታቤዙ መልስ ለሚያመጣለት ፕሮግራም) «ባለፈው ወር ስንት ሸጥን?» ብሎ ይጽፋል። መልሱ በሰከንዶች ውስጥ፣ በንጹሕ አማርኛ፣ እስከ ሳንቲሙ ተቆጥሮ ይመጣል። ቁጥሩ ግን የመስከረም ሽያጭ አይደለም። ኤጀንቱ የጠየቀው ከሴፕቴምበር 1 እስከ 30 ያለውን ነው፤ በእኛ ሲቆጠር ከነሐሴ 26 ቀን 2017 እስከ መስከረም 20 ቀን 2018። የመስከረም የመጨረሻዎቹ 10 ቀናት ወጥተዋል፤ በቦታቸው የነሐሴ ማብቂያና ጳጉሜን፣ ማለትም የእንቁጣጣሽ ገበያ የሚደራባቸው 10 ቀናት ገብተዋል።

ስህተት አለ የሚል ምልክት የትም አልታየም። ፕሮግራሙ በደንብ ሠርቷል፣ ዳታቤዙ የተጠየቀውን መልሷል፣ ድምሩም ልክ ነው። ጉድለቱ ያለው ማንም ልብ ብሎ ባላነበበው አንድ መስመር ላይ ነው። ኤጀንቱ ሽያጭ የሚጠይቅበት ቱል (መረጃ ለማምጣት የሚጠራው የፕሮግራም መሣሪያ) ገለጻው «የሽያጭ መረጃ ያመጣል» ይላል፤ ከዚያ በኋላ ምንም የለም።

ኤጀንቱን የሚያንቀሳቅሰው የቋንቋ ሞዴል ራሱ ዳታቤዝ ውስጥ አይገባም። ፕሮግራመሩ የቱሎች ዝርዝር ያቀርብለታል፤ እያንዳንዱ ቱል ስም፣ በተራ ቋንቋ የተጻፈ ገለጻ እና የሚቀበላቸው ፓራሜትሮች (እንደ ቀንና ቅርንጫፍ ያሉ የሚሞሉ ቦታዎች) አሉት። ሞዴሉ ይህን ዝርዝር ከተጠቃሚው ጥያቄ ጋር አብሮ ያነባል፣ ይሆናል ያለውን ቱል ይመርጣል፣ ፓራሜትሮቹን ሞልቶ ይልካል። ጥሪውን የሚፈጽመው የድርጅቱ ፕሮግራም ነው፤ ውጤቱም ለሞዴሉ በጽሑፍ መልክ ይመለስለታል። ኦፕንኤአይ ይህን አሠራር በጁን 2023 ለአልሚዎች ከከፈተ፣ ሌላው የኤአይ ኩባንያ አንትሮፒክም ሞዴልን ከቱሎች ጋር የሚያገናኘውን፣ ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል የተባለውን ክፍት ስታንዳርድ በኖቬምበር 2024 ካወጣ ወዲህ የቱል አወቃቀር ከአቅራቢ አቅራቢ ብዙ አይለያይም። ሞዴሉ ኮዱን አያይም፤ የሠንጠረዡን ዓምዶች አያውቅም፤ ሂሳብ ሹሟ ወር የምትዘጋው መቼ እንደሆነ የነገረው የለም። ስለ ድርጅቱ የሚያውቀው ገለጻው ላይ የሰፈረውን ያህል ነው። ያልሰፈረውን ከሠለጠነበት ጽሑፍ ይሞላል፤ የዚያ ጽሑፍ ብዙው እንግሊዝኛ ነው፤ ዓመቱ በጃንዋሪ ይጀምራል፣ ሰዓቱ ከእኩለ ሌሊት ይቆጠራል።

ለዚህ ነው የኢትዮጵያ ነጋዴ ከሌላው ይልቅ ገለጻ ላይ መድከም ያለበት። ሱቁ ውስጥ ማንም አፍ አውጥቶ የማይናገረው፣ ሁሉም ስለሚያውቀው ብቻ የሚተወው ነገር ነው መጀመሪያ መጻፍ ያለበት።

ቀን፣ ወር፣ ሰዓት

ከሁሉ የከፋው የቀን ጉዳይ ስለሆነ እዚህ ላይ መቆየት ያስፈልጋል። ብዙ አልሚ ፓራሜትሩን «ቀን» ብሎ ይሰይምና አጻጻፉን ዓመት-ወር-ቀን ብሎ ያልፋል። ኤጀንቱ 2018-01-15 ብሎ ቢልክስ? በእኛ መስከረም 15 ቀን 2018 ነው፤ በፈረንጆቹ ደግሞ ጃንዋሪ 15 ቀን 2018። ሁለቱም ትክክለኛ ቀኖች ናቸውና ፕሮግራሙ የትኛው እንደተፈለገ በማጣራት ሊደርስበት አይችልም። ድርጅቱ የ2010 ዓ.ም. መዝገቡን ወደ ዳታቤዙ አስገብቶ ከሆነ ደግሞ ችግሩ ይብሳል፤ ወደ 8 ዓመት የሚጠጋ አሮጌ ሽያጭ የዘንድሮ ተብሎ ይወጣል፤ በዋጋ ንረቱ ምክንያት ቁጥሩ ሲያንስ ባለቤቱ «ገበያው ወደቀ» ብሎ ይደነግጣል።

መፍትሔው አቆጣጠሩን በፓራሜትሩ ስም ውስጥ ማስገባት ነው፤ «መነሻ_ቀን_በኢትዮጵያ» የሚል ስም ሞዴሉን ቀን በሞላ ቁጥር ያስታውሰዋል። ገለጻው ምሳሌ ይስጥ፤ ጳጉሜን 13ኛ ወር መሆኑን ይናገር። ልወጣው ለሞዴሉ አይተው፤ ከአንዱ አቆጣጠር ወደ ሌላው የሚለውጠው ኮዱ ይሁን። ሞዴል በቃሉ ሲለውጥ ዓመቱን ልክ ያደርግና ቀኑን በአንድ ያዛባል፤ በተለይ የእኛ አዲስ ዓመት በሴፕቴምበር 12 በሚውልባቸው ዓመታት። ጳጉሜን 2019 ስድስት ቀን ስለሚኖራት የ2020 መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል፤ ከዚያ እስከ ፌብሩዋሪ 29 ያለው ሁሉ በአንድ ቀን ይገፋል። ውጤቱ ሲመለስም ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ፤ አንባቢው ዓይኑን ጣል አድርጎ ያረጋግጣል። የዛሬውን ቀን ሞዴሉ ከራሱ አያውቅምና ያም በየጥያቄው አብሮ ይሰጠው።

ሩብ ዓመትም እንዲሁ ነው። «የአንደኛው ሩብ ዓመት አፈጻጸም» ሲባል ሞዴሉ ከጃንዋሪ እስከ ማርች ብሎ ይነሣል። የበጀት ዓመቱን የሚከተል ድርጅት ሩቡን ከሐምሌ 1 ነው የሚቆጥረው፤ የ2018 የመጀመሪያው ሩብ ከሐምሌ 1 ቀን 2017 እስከ መስከረም 30 ቀን 2018 ነው። ይህ ሩብ ጳጉሜንን ስለሚይዝ 95 ቀን አለው፤ ሌሎቹ 90 ናቸው። ኤጀንቱ ሩቦቹን እንዲያወዳድር የሚጠበቅ ከሆነ ውጤቱ የቀኖቹን ብዛት አብሮ ይመልስ፤ አለበለዚያ በ5 ቀን ብልጫ የመጣው ዕድገት ተብሎ ይጻፋል።

የሰዓት ጣጣ ሆቴልና ጀልባ ላይ ይጎላል። ወደ ዘጌ ገዳማት የሚሄድ ጀልባ «ጠዋት 2 ሰዓት» ተብሎ ቢመዘገብ፣ ገለጻው ዝም ካለ ኤጀንቱ ለእንግዳው ሌሊት የሚነሣ ጀልባ ሊነግረው ይችላል። ሰርቨሩ በዓለም አቀፍ ሰዓት የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ቀኑ የሚለወጠው በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ በባር የተሸጠው ሁሉ በትናንት ይቆጠራል። ለአንዳንድ ሆቴል ይህ እንዲያውም የሚፈለግ ነው፤ ሂሳቡ የሚዘጋው የሌሊት ፈረቃ ሲወጣ ነውና። የትኛው እንደሆነ ግን ይጻፍ።

ሽያጭ፣ ገቢ፣ ቫት

«ገቢ» በአንድ ድርጅት ውስጥ እንኳ ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል፤ ለባለቤቱ እጁ የገባ ገንዘብ፣ ለሂሳብ ሹሟ ደረሰኝ የተቆረጠለት ሽያጭ፣ ለገንዘብ ያዡ በዕለቱ በካሽና በቴሌብር የሰበሰበው። በዱቤ በሚሸጥ አከፋፋይ ዘንድ በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል ያለው ልዩነት የወራት ሽያጭ ሊያህል ይችላል። ስለዚህ የሽያጭ ቱል ገለጻ ዱቤን ይጨምር አይጨምር፣ ቮይድ የተደረገ (የተሰረዘ) ደረሰኝና የተመለሰ ዕቃ ደረሰኝ ተቀንሶ እንደሆነ፣ ቅድሚያ ክፍያ የሚታየው የት እንደሆነ በግልጽ ይናገር።

ቫትም ሳይነገር የሚቀር ነገር ነው። ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ ነው፤ ዋጋው ቫት ያካተተ መሆን አለመሆኑ ካልተጻፈ ኤጀንቱ ይገምታል። 230,000 ብር ከነቫቱ የሆነ ሽያጭ ያለ ቫት 200,000 ብር ነው፤ ታክሱ 30,000። ሞዴሉ ቁጥሩን ቫት ያካተተ መሆኑን እያወቀ እንኳ ከ230,000 ላይ 15 በመቶ ቀንሶ 34,500 ሊል ይችላል፤ በአንድ ጥያቄ የ4,500 ብር ስህተት። ድምሩን፣ ቫቱንና ያለ ቫት ያለውን ሦስቱንም ኮዱ አስልቶ በየስማቸው ቢመልስ ሞዴሉ የሚያሰላው አይኖርም። በአጠቃላይ ኮድ ሊያሰላው የሚችለውን ሒሳብ ለሞዴል መተው አይገባም።

የውጭ ምንዛሪን የሚነካ ቱል የየትኛው ቀን ምንዛሪ እንደሆነ ሳይናገር መለቀቅ የለበትም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተተወ በኋላ ተመኑ ከቀን ቀን፣ ከባንክ ባንክ ይለያያል፤ ለእንግዶች በዶላር ዋጋ የሚሰጥ ሆቴል የትናንትናን ተመን የዛሬ ብሎ የሚመልስ ኤጀንት ሊኖረው አይገባም።

ኪሎው የምን ኪሎ ነው?

ከጣና የወጣ ቀረሶ አሳ በሙሉው ሲመዘንና ፊሌቶ ሆኖ ሲመዘን አንድ አይደለም፤ ሥጋው ብቻ ሲቀር ከሙሉው ክብደት ሲሶ ገደማ ነው የሚገኘው። የአሳ አቅራቢ «40 ኪሎ ቀረሶ አለ» የሚል መልስ ሲያገኝ ያ ሙሉ አሳ ከሆነ ለሆቴሉ ወጥ ቤት የሚደርሰው ፊሌቶ ከ13 ኪሎ ብዙም አይዘልም። ለሆቴሉ 30 ኪሎ ፊሌቶ ቃል የገባ ኤጀንት አቅራቢውን አዋርዶታል። የፎገራ ሩዝም እንዲሁ ነው፤ 100 ኪሎ ያልተፈተገ ሩዝ ሲፈተግ ከ60 እስከ 70 ኪሎ ይወጣዋል። «የክምችት መጠን» የሚል ስም ያለው ዓምድ ይህን ሁሉ ይደብቃል። መለኪያው ብቻ ሳይሆን የዕቃው ሁኔታም በመስኩ ስም ይግባ፤ «መጠን_ኪሎ_የተፈተገ» ይባል።

በኩንታል፣ በኬሻና በሳጥን የሚቆጠረውም ወደ አንድ መለኪያ ይምጣ። ኩንታል 100 ኪሎ ነው፤ ኬሻ ግን 50ም 25ም ሊሆን ይችላል። የቢራ ሳጥን 24 ጠርሙስ መሆኑን ሻጩ ሁሉ ያውቃል፤ ሞዴሉ ሊያውቅም ላያውቅም ይችላል።

ስምና ፊደል

«የኃይሉ ዕዳ ስንት ነው?» ለሚል ጥያቄ ኤጀንቱ «በዚህ ስም ደንበኛ የለም» ቢል አይድነቅ። መዝገቡ ላይ ሀይሉ፣ ሃይሉ ወይም ሐይሉ ሊሆን ይችላል፤ ለኮምፒውተር አራቱም የተለያዩ ናቸው። ጸና ፀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ እንዲሁ። የከተማዋ ስም ራሱ በአንድ ዳታቤዝ ውስጥ ባሕር ዳር፣ ባህር ዳር እና ባህርዳር ተብሎ ሦስት ጊዜ ተጽፎ ይገኛል፤ በቅርንጫፍ ሲደመር ሦስት ቅርንጫፍ ይሆናል። ሞዴሉ ሁሉንም አጻጻፍ እንዲሞክር በገለጻ ማዘዝ ደካማ መፍትሔ ነው። የፍለጋው ኮድ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ወደ አንድ አምጥቶ ይፈልግ፤ ገለጻው ደግሞ «የፊደል ልዩነት ለፍለጋው ችግር የለውም፤ አንድ ጊዜ መፈለግ ይበቃል» ይበል።

ከዚያም ስም ቀጥታ ወደ ሒሳብ ቱል አይግባ። ብዙ ሰው በራሱና በአባቱ ስም ብቻ ስለሚመዘገብ ሁለት የማይተዋወቁ ደንበኞች አንድ ስም ይኖራቸዋል። አንዱ ቱል በስም ፈልጎ የደንበኛ ቁጥር፣ የሚሠራበትን ቀበሌና የሱቁን ስም ይመልስ፤ ሌላው ቱል የሚቀበለው የደንበኛ ቁጥር ብቻ ይሁን። ገለጻው ላይ «ከአንድ በላይ ከተገኘ ተጠቃሚውን ጠይቅ፤ አትምረጥ» የምትል ዓረፍተ ነገር የሰው ዕዳ በሌላ ሰው ላይ እንዳይነበብ ታደርጋለች።

ቱሉ የሚጠራበት ስም ግን በግዕዝ ፊደል ሊሆን አይችልም። ዋና ዋናዎቹ አቅራቢዎች በአብዛኛው የላቲን ፊደል፣ ቁጥር፣ ሰረዝና የስር መስመር ብቻ ይቀበላሉ፤ እዚህ በአማርኛ የተጠቀሱት ስሞች በተግባር በላቲን ፊደል ይጻፋሉ። ገለጻው በአማርኛም በእንግሊዝኛም ይሠራል። የአማርኛው ዋጋ ከፍ ይላል፤ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በኮምፒውተር ላይ 3 ባይት ስለሚይዝና ሞዴሎቹ ለአማርኛ ቃል ብዙ ቶክን (ክፍያ የሚታሰብበት የጽሑፍ ቁራጭ) ስለሚያወጡ ረጅም የአማርኛ ገለጻ በየጥሪው ይከፈልበታል። እንደ እኛ እምነት ገለጻውን ማረም የሚችለው ሂሳብ ሹም እስከሆነ ድረስ እሱ በሚያነበው ቋንቋ መጻፉ ይበልጣል። በዳታቤዙ ውስጥ ያሉ እሴቶች ግን፣ የቅርንጫፍ ስምም ሆነ የዕቃ ዓይነት፣ እንደተቀመጡት ፊደል በፊደል ይጠቀሱ።

ሙሉ ገለጻ ምን ይመስላል

አንትሮፒክ ለአልሚዎች ባወጣው መመሪያ ለአንድ ቱል ቢያንስ 3 ወይም 4 ዓረፍተ ነገር ይመክራል። ለንግድ መረጃ ያ ያንሳል። ለአከፋፋያችን የሽያጭ ቱል እንዲህ ያለ ገለጻ ይበቃል፦

«በአንድ ቅርንጫፍ ወይም በሁሉም ቅርንጫፎች፣ ከመነሻ ቀን እስከ መድረሻ ቀን፣ ሁለቱም ቀናት ተካተው፣ ደረሰኝ የተቆረጠለትን ሽያጭ በየዕለቱ ደምሮ በብር ይመልሳል። ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ብቻ ይጻፋል፤ መስከረም 15 ቀን 2018 ሲሆን 2018-01-15። ጳጉሜን 13ኛ ወር ነው። ተጠቃሚው ወር ወይም ሩብ ዓመት ሲል የኢትዮጵያን ማለቱ ነው፤ ሩብ ዓመት ከሐምሌ 1 ይጀምራል። በዱቤ የተሸጠው ተካቷል፤ ቮይድ የተደረገው አልተካተተም። ድምር፣ ቫትና ያለ ቫት ያለው መጠን ለየብቻ ይመለሳሉ፤ ራስህ አታስላ። እጅ ስለገባ ገንዘብ ከተጠየቅህ የገንዘብ ስብስብ ቱልን፣ ስለ ቀሪ ዕቃ ከተጠየቅህ የክምችት ቱልን ተጠቀም። የወረታና የጎርጎራ ሽያጭ ወደ ዳታቤዙ የሚገባው ማታ አንድ ጊዜ ስለሆነ የዛሬው ቁጥር ሙሉ ላይሆን ይችላል፤ መረጃው እስከ መቼ ያለው እንደሆነ ለተጠቃሚው ንገር። በአንድ ጥሪ ከ96 ቀን በላይ አይቀበልም።»

96 የሆነው ጳጉሜን ስድስት ስትሆን የመጀመሪያው ሩብ የሚይዘው ያንን ያህል ስለሆነ ነው። ወደ ሌላ ቱል የሚመራው ዓረፍተ ነገር ትልቅ ሥራ ይሠራል፤ ኤጀንት ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ሁለት ቱሎች በሚመሳሰሉበት ቦታ ነው፤ የማይጠቀምበትን ጊዜ መንገር የሚጠቀምበትን ጊዜ የመንገር ያህል ይረዳዋል። ሁለት ገለጻዎችን አጠገብ ለአጠገብ አንብቦ ልዩነታቸውን በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ያልቻለ ሰው ቱሎቹን አንድ ቢያደርጋቸው ይሻላል። ለጀማሪ ድርጅት ከ8 እስከ 12 ቱል ይበቃል፤ ሠንጠረዥ በቆጠሩ ቁጥር ቱል መሥራት ምርጫውን ያበላሻል።

ባዶ መልስ

ኢንተርኔት ሲቋረጥ ወይም መብራት ሲጠፋ የጎርጎራው ቅርንጫፍ የዕለቱን ሽያጭ ሳይልክ ያድራል። ቱሉ ባዶ ይመልሳል። ኤጀንቱም «ትናንት ጎርጎራ ላይ ምንም ሽያጭ አልነበረም» ብሎ ለባለቤቱ ይነግራል። መረጃ አልደረሰም፣ ሽያጭ ዜሮ ነው፣ የቅርንጫፉ ስም ተሳስቷል፤ እነዚህ ሦስቱ ለየብቻ መመለስ አለባቸው፤ ባዶ ዝርዝር ሦስቱንም አንድ ያደርጋቸዋል።

የስህተት መልእክትም ሞዴሉ የሚያነበው ጽሑፍ ነው። «ስህተት 400» የሚል መልስ ያገኘ ኤጀንት ያንኑ ጥሪ ይደጋግማል፤ አለዚያም ግምት ይናገራል። «ቅርንጫፍ ‹ጎንደር በር› የለም፤ ያሉት ባሕር ዳር፣ ወረታ፣ ጎርጎራ ናቸው» የሚል መልስ ግን በሚቀጥለው ጥሪ ይታረማል። ውጤቱ ብዙ ረድፍ ከሆነ በ50 ወይም በ100 ተቆርጦ፣ «ከ1,240 ረድፍ የመጀመሪያዎቹ 100» የሚል መስመር ይታከልበት፤ ካልተባለ ኤጀንቱ መቶውን ደምሮ ጠቅላላ ይለዋል።

ገለጻ የማይሸከመው

«ይህን ቱል ለሥራ አስኪያጅ ብቻ ተጠቀም» ብሎ ገለጻ ላይ መጻፍ ጥበቃ አይሆንም። ሞዴል መመሪያን ብዙ ጊዜ ያከብራል፤ ሁልጊዜ አያከብርም። በሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል አንድ ቱል ማንበብ ብቻ ነው ወይም መረጃ ያጠፋል ብሎ ማመልከት ይቻላል፤ ያም ጥቆማ ነው እንጂ አያስገድድም። ፈቃድ የሚጠበቀው ዳታቤዙ ላይ ነው፤ ኤጀንቱ የሚገባበት የተጠቃሚ ስም ማንበብ ብቻ የሚችል ይሁን፣ የሚያየውም ከዳታቤዙ ለእሱ ተለይቶ የተዘጋጀውን ክፍል (ዕይታ) ብቻ። ዋጋ የሚለውጥ ወይም ትዕዛዝ የሚሰርዝ ቱል ሰው ሳያጸድቅ አይሠራ። የሆቴል እንግዶች የፓስፖርት ቁጥርና የደንበኞች ስልክ ለሽያጭ ጥያቄ አያስፈልጉምና ከውጤቱ ይውጡ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይህን የሕግ ጉዳይ አድርጎታል። ከሌላ ሰው የተወሰደ ዝግጁ ቱል ካለም ገለጻው በሙሉ ይነበብ፤ ሞዴሉ እንደ ትእዛዝ የሚፈጽመው ድብቅ መመሪያ እዚያ ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል።

መፈተን

ገለጻ ጥሩ መሆኑ የሚታወቀው በጥያቄ ነው። ከባለቤቱ፣ ከሂሳብ ሹሟና ከመጋዘን ኃላፊው 30 ያህል እውነተኛ ጥያቄዎች በራሳቸው አነጋገር ይሰብሰቡ፤ «ስንት ገባ?»፣ «ዱቤ የቆየበት ማን ነው?»፣ «ሩዙ ስንት ቀን ያደርሰናል?»። የየጥያቄውን መልስ ሂሳብ ሹሟ በእጅ አውጥታ ታስቀምጥ። ከጥያቄዎቹ ጥቂቶቹ ጳጉሜንን የሚያቋርጡ፣ ሁለት ስም የሚመሳሰልባቸው፣ መልስ የሌላቸውም ይሁኑ። ሞዴል አንዱን ጥያቄ ሁለት ጊዜ በሁለት መንገድ ሊመልስ ስለሚችል እያንዳንዱ 3 ጊዜ ይጠየቅ።

የሚታየው የመጨረሻው መልስ ብቻ አይሁን። የትኛው ቱል ተጠራ፣ በምን ቀን፣ በምን መለኪያ የሚለው ከጥሪው መዝገብ ይነበብ፤ በተሳሳተ ጥሪ በዕድል ልክ የሆነ መልስ ነገ ይሳሳታል። ከዚያ በአንድ ጊዜ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ተለውጦ ጥያቄዎቹ በሙሉ ይደገሙ፤ ሁለት ሲለወጥ የትኛው እንደረዳ አይታወቅም። ገለጻው ከኮዱ ጋር በአንድ ፋይል ይቀመጥ። አዲስ ቅርንጫፍ ሲከፈት፣ ዓምድ ሲለወጥ ወይም ሂሳብ መዝጊያው ሲዛወር በዚያው ቀን ይታረም፤ 30ዎቹ ጥያቄዎች ካለፉ በኋላ ነው ለሠራተኛው የሚለቀቀው።